ወሬው እስኪነጋ ይቆይ

እትዬ ዘነቡ መሞቷን የሰማሁት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሰው ልብስ እያሰጣሁ ነው። ደርግ ሊወድቅ አንድ ክረምት ሲቀረው ነበር። ዱሮ አንድ ግቢ አብረን የኖርነው ለተብርሃን ከሾዋክ የስደተኞች ሰፈር በአውቶቡስ መጥታ የምሠራበትን ቤት አፈላልጋ አገኘችውና በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ማን እንደሞተ አልጠየቅኋትም። በዚያ አገር ሁለታችንም የምናለቅስለት አንድ ሰው ብቻ ነበረን።

ወባ ነው አለችኝ። ብዙም አልተኛችም፣ ተቀብራለች፣ ሰውም ብዙ ወጥቶላታል አለችኝ። ልብሱን እንደተንጠለጠለ ትተን ጥላው ሥር ተቀመጥን። ያሠሪዬ ሚስት መጥታ ምን እንደሆንን ስትጠይቀን በዐረብኛ እናቴ ሞተች አልኋት። ውሸት መሆኑ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። እናቴማ ያን ጊዜ አዘዞ ውስጥ በሕይወት ነበረች።

ወደ ሱዳን የተሻገርሁት ጎንደር ላይ የደርግ ሰዎች ወንድሜን ከቤት ወስደው ሳይመልሱት በቀሩ ጊዜ ነው። ዘመዶቼ ቀጥሎ አንቺን ነው የሚፈልጉት ብለው በመተማ በኩል ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ቀላቅለው ሰደዱኝ። ገዳሪፍ ስገባ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። አንዲት ሃጃ የምንላት ሱዳናዊት መበለት በሰፊ ግቢዋ ውስጥ የሣር ጎጆዎች ሠርታ ለሐበሻ ታከራይ ነበር። አንዱን ጎጆ ከእትዬ ዘነቡ ጋር እንድጋራ አስገባችኝ። ከጎናችን ለተብርሃን፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ዱሮ ሁመራ የእርሻ ጸሐፊ የነበረው ጋሽ ደሴ ይኖሩ ነበር። ጋሽ ደሴ በዓለም ላይ የቀረው ንብረት አንድ ሬዲዮ ነበር።

እትዬ ዘነቡ የጭልጋ ሴት ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ቢሆን ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትሄድ እጆቿን እንደ ወንድ የምታወዛውዝ። ቀን ቀን ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ትነፋለች። ማታ ስትመጣ አቧራው ቅንድቧ ላይ ተቀምጦ ያሸበተች ያስመስላት ነበር። መጀመሪያ ቀን አንቱ ብላት ተቆጣች። ያለ ዘመድ የተሰበሰብን ሰዎች ነን፣ አንቱ እያልሽ አታርቂኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኋት።

እኔ ያን ጊዜ ሰው አልነበርሁም ብል ይቀላል። ሥራ አልፈለግሁም፣ አልበላም፣ አልታጠብም። በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ አንገረብ በሚሉት ላይ ተኝቼ የጎጆውን ጣራ ሳይ እውላለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ወንድሜ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ፣ እነሱ ጫማ አያስፈልግህም ሲሉት አያለሁ። እትዬ ዘነቡ ጥቂት ቀን ታገሠችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ አልጋዬን በአንድ ወገን አነሳችውና መሬት ላይ አንሸራተተችኝ። አልጋውን ግድግዳው ላይ አቆመችው። ጮኽሁ፣ ተሳደብሁ። ውኃ በጣሳ ሰጠችኝና መጀመሪያ ፊትሽን ታጠቢ፣ ከዚያ ስደቢኝ አለች።

ይህን ከየት እንዳመጣችው የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እሷም ስትመጣ እንደኔ ነበረች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። አንድ ልጇ አስማረ ጎንደር ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ገባ። ሰዎች ሱዳን ተሻግሯል ቢሏት ቤቷን ዘግታ ፍለጋ መጣች፤ አላገኘችውም። ከዚያ ተኛች። ሃጃ ልጅ የቀበረች ሴት ናትና ነገሩ ገባት። አማርኛ አታውቅም፣ እትዬ ዘነቡም ያኔ ዐረብኛ አታውቅም፤ ስለዚህ ሃጃ ምንም አልመከረቻትም። ጎህ ሲቀድ እየመጣች አልጋውን ከሥሯ እየጎተተች ታወጣባት ነበር። ሲመሽ ትመልስላታለች። እንዲህ እየተደረገ ቆየና አንድ ጠዋት ሃጃ ስትመጣ አልጋው ግድግዳው ላይ ቆሞ አገኘችው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነቡ ለራሷ ደንብ አወጣች፤ ቀስ በቀስም ደንቡ የግቢው ሁሉ ሆነ። ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ አይናገርም። ፀሐይ ሳትወጣ እስከ ማሽላው ረጅም ጎተራ ድረስ በእግር ተሂዶ ይመጣል። ምሳ ብቻውን የሚበላ የለም፤ ሥራ ቦታ ያለ ሰው እንኳ ካጠገቡ ያለውን ነይ ወይም ና ብሎ ይጠራል። ውኃ ሳይጠማ ይጠጣል፤ የገዳሪፍ ፀሐይ ሳታስታውቅ ነው የምታደርቀው። ከሁሉ የጠበቀው ግን የወሬው ደንብ ነበር። መግሪብ፣ የማምሻው ሶላት፣ ከተሰገደ በኋላ የአገር ቤት ወሬ አይወራም፣ ሬዲዮም አይከፈትም።

ይሄኛውን ጋሽ ደሴ ፈጽሞ አልወደደውም ነበር። በየምሽቱ የእገሌ ጦር እዚህ ደረሰ፣ መንግሥቱ ሊወድቅ ነው፣ እነ እገሌ ተረሸኑ የሚለውን ካልሰማ የኖረ አይመስለውም። እሷ ግን ስታስረዳው ሰምቻለሁ። ክፉ ወሬ ጠዋት የሰማ ሰው ገበያ አለው፣ ሥራ አለው፣ የሚሮጥበት መንገድ አለው፤ ማታ የሰማ ሰው ግን ከወሬው ጋር ነው የሚተኛው አለችው። ጋሽ ደሴ አጉረመረመ። ሆኖም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጨጓራው እንደ ቀለለው ለለተብርሃን ሹክ ብሏታል።

ጎተራው ድረስ ስንሄድ የሱዳን ልጆች እብዶቹ ሐበሾች እያሉ ይከተሉን ነበር። መንገዱ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ላይ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እኔ መጀመሪያ ከኋላ እየተጎተትሁ ነበር የምሄደው። እትዬ ዘነቡ ዞር ብላ አታይም። ግን ስዘገይ እርምጃዋን እንደምታሳጥር ኋላ ላይ ገባኝ። አንድ ጠዋት ስንመለስ ራበኝ አልኋት። ከመንገድ ዳር ፉል ገዛችና ቁጭ ብላ ስበላ አየችኝ። ከግማሽ ዓመት በላይ ርቦኝ አያውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ልብስ አጣቢ ሆኜ ነጋዴ ቤት ገባሁ።

በመካከሉ ከሻ መጣ። ወረቀት የሌለውን ስደተኛ ከከተማ እየለቀሙ ወደ ካምፕ መስደድ ነው ከሻ ማለት። ሴቶቹን ሁሉ ከገበያ አፍሰው አንድ በግንብ የታጠረ ግቢ ውስጥ አጎሩን። ጥላ የለም፤ የሚያለቅስ አለ፣ ጠባቂውን የሚለምን አለ፣ ወዴት እንደሚወስዱን የሚነግረን የለም። እትዬ ዘነቡ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ግንቡን ተጠግታ መዞር ጀመረች። አንዴ ዞረች፣ ደገመች። እኔና ለተብርሃን ተከተልናት። ከዚያ አንዲት፣ ከዚያ ሌላ፤ ቀትር ሲቃረብ ሴቱ ሁሉ በሰልፍ ግንቡን እየዞረ ነበር። ጠባቂው ምን ሆነዋል ብሎ ሳቀ፤ ኋላ ግን ውኃ በባልዲ አመጣልን። ሃጃ ዋስ የሚሆን ዘመዷን ይዛ መጥታ እስክታስወጣን ድረስ እንደዚያው ነበር የዋልነውና ያደርነው። ብዙዎቹ ሴቶች ግን ወደ ካምፕ ተጫኑ። እትዬ ዘነቡ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆማ አየቻቸው።

ያ ልጅ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው በጋ ነው።

መግሪብ ተሰግዶ ነበር። ጋሽ ደሴ ሬዲዮውን ዘግቷል፤ ለተብርሃን እራት ታቀርባለች። አንድ ቀጭን ልጅ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሩ ላይ ቆመ። ጤና ይስጥልኝ አለ፣ እንዴት አመሻችሁ አለ፣ ደህና ናችሁ ወይ አለ፣ ደግሞ እንደገና እንዴት ናችሁ አለ። ሙላት እባላለሁ፣ በድንበሩ በፋሽጋ እርሻዎች አቋርጬ በእግሬ ነው የመጣሁት አለን። ከዚያ የአስማረን እናት እፈልጋለሁ አለ።

ለተብርሃን የያዘችውን ሰሐን መሬት ላይ አስቀመጠች። እትዬ ዘነቡ ተነስታ እኔ ነኝ ልጄ፣ ግባ አለችው። ሳመችው። አስቀመጠችውና ውኃ አሙቃ ጨርቁን እየፈታች እግሩን ታጥበው ጀመር። ውስጥ እግሩ ተልጦ ነበር። ልጁ አቀርቅሮ ያያታል።

«እማማ፣ ከአስማረ ጋር አብረን ነበርን» አላት። «እኔ...»

«ልጄ፣ እዚህ ግቢ ከመሸ የአገር ወሬ አይወራም» አለችው፣ እጇን ከእግሩ ላይ ሳታነሳ። «ጠዋት ትነግረኛለህ።»

ልጁ ግራ ገብቶት ሁላችንንም አየን። ጋሽ ደሴ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ ዛሬ እንኳ ደንቡ ይቅር፣ የልጅሽ ነገር ነው እኮ አላት። ደንቡ ለናንተ ብቻ ነው እንዴ አለችው። ጋሽ ደሴ ወጥቶ ከበሩ ውጭ ተቀመጠ።

እራቱን ለልጁ አቀረበችለት። ሁለት ጊዜ ጎረሰና አቆመ። እሷ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ እምቢ ማለት አፍሮ ዋጠ። እየደጋገመች አጎረሰችው። የራሷን አልጋ አነጠፈችለትና ብርድ ልብሷን አለበሰችው። ገና ጎኑ ሳያርፍ ነው እንቅልፍ የወሰደው። እሷ ከእኔ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተኛች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበርና ትተኛ አትተኛ አላውቅም። እኔ እንኳ ደክሞኝ ነበር፣ ተኛሁ።

ጠዋት ፊቷን ታጠበች፤ ልጁን ሳትቀሰቅስ ወደ ጎተራው መንገድ ጀመረች። ያን ቀን ሁላችንም ወጣን። ሌላ ጊዜ እያመካኘ የሚቀረው ጋሽ ደሴ እንኳ ከኋላ ተከተለን። እርምጃዋ የወትሮው ነው፣ እጆቿም እንደ ወትሮው ይወዛወዛሉ። እኔ ግን ወደ ጎተራው በቀረብን ቁጥር ምነው በራቀ እያልሁ ነበር። ስንመለስ ልጁ ነቅቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ቁርስ አበላችው። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለችና አሁን ንገረኝ አለችው።

ነገሩ ረጅም አልነበረም። አስማረ በጥይት ቆስሎ ነበር። ቁስሉ አመረቀዘ፤ መድኃኒት አልተገኘም። ከአንድ ወንዝ ዳር ቀብረውታል። ሙላት የወንዙን ስም ነገራት። እትዬ ዘነቡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ነፍሱ ስትወጣ ሰው አጠገቡ ነበር?»

«እኔ ነበርሁ እማማ።»

ሁለቱን እጆቹን ይዛ ሳመቻቸው። ከዚያ ነው የጮኸችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልጮኸችውን ጮኸች። ሃጃ ከቤቷ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች።

ከለቅሶው በኋላ እትዬ ዘነቡ ተኛች። አልጋዋን ለማንሳት የደፈረ አልነበረም። እኔ አንድ ጠዋት ሞከርሁ፤ የአልጋውን እግር ያዝሁና መልሼ ለቀቅሁት። ሃጃም መጣች፤ አልጋውን እንደ ዱሮው ታወጣባታለች ብለን ስንጠብቅ መሬት ላይ ተቀመጠችና የእትዬ ዘነቡን እግር ማሸት ጀመረች። በየቀኑ እየመጣች እንዲሁ ታደርግላት ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ስነቃ እትዬ ዘነቡ የለችም። ማንንም ሳትጠራ ወጥታለች። ወደ ጎተራው ብሮጥ አጣኋት። ባቡር ጣቢያው ጋ፣ ባቡር ከስንት አንዴ በሚመጣበት ሐዲድ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት። ካጠገቧ ተቀመጥሁ።

በሆዴ የያዝሁትን ጠየቅኋት። ያን ምሽት ወሬውን ያስቆየሽው አንድ ሌሊት እንኳ ልጄ አለ ብለሽ ለማደር ነው አይደል አልኋት።

«አይደለም» አለች። «ልጁ በር ላይ ሲቆም ነው ያወቅሁት። የምሥራች የያዘ ሰው ከውጭ ይጣራል እንጂ ሰላምታ አያበዛም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እግሩን አላየሽውም? እሱ ቢነግረኝ እኔ እጮሃለሁ፣ እናንተ ትጮሃላችሁ፣ ልጁን ማን ያስተኛዋል? ከአስማረ ጋር የነበረ ልጅ ነው። አንድ ሌሊት ይተኛ ብዬ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ሌላ ብዙ ሌሊት አለኝ» አለችኝ።

ከዚያ እስካሁን የተራመደችው፣ የበላችው፣ የታጠበችው አስማረ ሲመጣ ቆማ የምትቀበል እናት እንዲያገኝ ብላ እንደነበር ነገረችኝ። አሁን እግሬ ለማን ብሎ እንደሚሄድ አላውቅም፣ ግን ጠዋት ሲሆን ራሱ ይነሳል አለች። ተነስተን ወደ ቤት ስንሄድ ጎን ለጎን ብንሆንም ብቻዋን ነበር የምትሄደው፤ እኔም ብቻዬን።

ከዚያ ወዲህ ደንቡን ለማንም አታስገድድም ነበር። ጋሽ ደሴ ሬዲዮውን በፈለገ ሰዓት መክፈት ቢችልም አልከፈተውም፤ እንደውም ሸጠው። ሙላት እግሩ እስኪድን ከእኛ ጋር ቆይቶ ወደ ካርቱም ሄደ። እትዬ ዘነቡ ሰሊጧን እየነፋች፣ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን እየወጣች ከረመች።

በሰባ ሰባቱ ርሃብ ሰው እንደ ጎርፍ ድንበሩን አቋርጦ መጣ። ሾዋክ አካባቢ ያለው ሜዳ በድንኳን ተሞላ ተባለ። ከለተብርሃን ዘመዶች የመጡ ነበሩና ልትጠይቃቸው ሄደች። ስትመለስ ያየችውን አወራችን። ዱቄት ተሰጥቷቸው የማያቦኩ እናቶች አሉ፣ ድንኳን ውስጥ ተኝተው ወደ ግድግዳ ዞረዋል፣ ተነሱ ቢባሉ አይሰሙም አለች። እትዬ ዘነቡ ሰሊጥ የምትነፋበትን ወንፊት ለሃጃ ሰጠችና በማግስቱ ከለተብርሃን ጋር ሄደች። እኔን ነይ አላለችኝም። ሥራ እንዳለኝ ታውቃለች፣ ደህና እንደሆንሁም ታውቃለች። እኔ ግን ከፍቶኝ ነበር። ጎጆው ለአንድ ሰው ሰፊ ነው።

ብዙ ወራት ቆይቼ ከአሠሪዎቼ ፈቃድ አግኝቼ ልጠይቃት ሄድሁ። ድንኳኖቹ መካከል እየጠየቅሁ ስሄድ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ያቺ የምትራመደዋ ሴትዮ ይሏታል። አንድ ድንኳን ውስጥ አገኘኋት። ከስታ ቆዳዋ ጠቁሯል። ሳመችኝ፣ ምሳ በልተሽ እንደሆነ ንገሪኝ አለችኝ፤ በልቻለሁ ብዬ ዋሸኋት። ካጠገቧ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ ያዞረች አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። ልጆቿን በመንገድ ቀብራ የመጣች ናት አለችኝ በዝግታ። እትዬ ዘነቡ አልነካቻትም፣ አላናገረቻትም። ዝም ብላ ትንፋሿ በሚሰማበት ርቀት ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ እንዲያ እንደዋለች ገባኝ።

እኔ ብዙ የምነግራት ነገር ነበረኝ። እንደከፋኝ፣ ማታ ማታ ግቢው እንደሚጨንቀኝ ልነግራት ነበር የሄድሁት። አልተመቸኝም። ስለ ሃጃ የጉልበት ሕመም፣ ስለ ጋሽ ደሴ ጨጓራ አወራኋት፤ ፈገግ አለች። ፀሐይዋ ስታዘነብል የገዳሪፍ ሎሪ ጥሩምባውን ነፋ።

እትዬ ዘነቡ ልትሸኘኝ ተነሳች። ገና ቀና ስትል የተኛችው ሴት ፊቷን ሳትመልስ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የእትዬ ዘነቡን የቀሚስ ጫፍ ጨበጠች። እትዬ ዘነቡ እጁን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

«ሂጂ ፈንቴ» አለችኝ። «መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

ሄድሁ። ሎሪው ላይ ወጥቼ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ ድንኳኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበሩ የትኛው ውስጥ እንዳለች መለየት አልቻልሁም።